ለ6 ዓመት ልጄ ቢኤምኤክስ ይሻላል ወይስ ማውንቴን?

የልጁ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ በቅርቡ 7 ዓመት ይሞላዋል። ያለ ደጋፊ ጎማ መንዳት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። አሁን ያለችው ባለ 16 ኢንች ጎማ ሳይክል በጣም አንሳዋለች፤ ሲጠመዝዝ ጉልበቱ መሪውን ሊነካ ይደርሳል።

የአክስቱ ልጅ 12 ዓመቱ ነው፣ ቢኤምኤክስ አለው፤ ያቺ ለዝላይ የምትሆነው፣ ማርሽ የማትቀይረው ሳይክል። ጉብታ ላይ ሲዘል ልጄ ዓይኑን አይነቅልም። ከሱ ሌላ አልፈልግም ብሎ ድርቅ ብሏል። አባቱ ደግሞ ለዳገትና ለጠጠር መንገድ የሚሆነው፣ ማርሽ ያለው ማውንቴን ይሻላል ባይ ነው። 21 ማርሽ ያለው፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ሳይክል አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል።

የምንነዳበትን ልንገራችሁ። ከቤት እንደወጣን አስፋልት ነው፣ ግን ረጅም ዳገት አለው። ዳገቱ ሲያልቅ ሜዳ አለ። አፈርና ጠጠር ነው፣ ልጆች በአካፋ የሠሯት ጉብታም አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። ልጄ ዳገቱ መሃል ላይ ይወርድና ሳይክሉን እየገፋ ያለቅሳል። አንጀቴን ይበላዋል።

የትኛውን ልግዛለት? እንዲያድግበት ትንሽ ተለቅ ያለ ብወስድስ?

የሁለት ልጆች አባት፦

የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ ልመልስ። እባክሽ ተለቅ ያለ እንዳትገዢ። እኔ ለትልቋ ልጄ ባለ 24 ኢንች ማውንቴን ገዛሁላት። ያኔ 7 ዓመቷ ነበር። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌውም እግሯ መሬት አልነካም። በነዳች ቁጥር ለመቆም የሚይዛት ሰው ያስፈልጋት ነበር። በሁለተኛው ቀን እኔ ሳልደርስላት ወደቀችና ክንዷ ተላጠ። ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሳይክል የሚባል ነገር አልነካችም። እስክታድግበት ድረስ ፍርሃቱ ቀድሟት አደገ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጎማ ጠጋኝ፦

እህቴ፣ ሳይክል ስጠግን 20 ዓመት አልፎኛል፣ አብዛኛው የልጆች ነው። ስሙን ለጊዜው ተይውና መጀመሪያ ልጁን ለኪው። ጫማውን አድርጎ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቁም። ጠንካራ መጽሐፍ በእግሮቹ መሃል እስከ ላይ ድረስ አስጠጊ፣ ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ መሬት ለኪ። ኮርቻው እስከ መጨረሻው ዝቅ ሲል ከመሬት ያለው ከፍታ ከዚያ ቁጥር መብለጥ የለበትም። ልጁ ተቀምጦ ሁለቱንም እግሮቹን መሬት ማድረግ ከቻለ አይፈራም። ካልፈራ ደግሞ ቶሎ ይለምዳል።

ቀጥሎ ክብደት። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው የለም፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው። አካሉ ብረት ሆኖ ሞላ ያለበት ባለ 20 ኢንች ማውንቴን 12 ኪሎ ይደርሳል። የ7 ዓመት ልጅ ራሱ 21 ወይም 22 ኪሎ ቢሆን ነው። 70 ኪሎ የምመዝነውን እኔን 40 ኪሎ ሳይክል ይዘህ ዳገቱን ውጣ እንደማለት ነው። ልጅሽ የሚያለቅሰው ሰንፎ አይደለም። አሁን ያለችውንም ሚዛን ላይ አውጫትና እይ።

ሞላውን በተመለከተ አባትየው አይቀየሙኝ። ርካሽ የልጆች ሳይክል ላይ የሚገባው ሞላ ለከባድ ሰው የተሠራ ያህል ድርቅ ያለ ነው። 20 ኪሎ ልጅ ሲቀመጥበት ንቅንቅ አይልም። ክብደት ይጨምራል እንጂ ጥቅሙ ለዓይን ነው። ጠጠሩ እንዳያንገጫግጨው ከፈለግሽ ወፈር ያለ ጎማ ግዢና ንፋሱን ቀነስ አድርጊ። ለሱ ክብደት ጎማው ራሱ ከበቂ በላይ ሞላ ነው።

21 ማርሽ ደግሞ ማለት ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ባለ ጥርስ ክብ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሁለት እጁ ላይ ሁለት መቀየሪያ ይዞ ግራ ይጋባል። የፊተኛውን ሲነካካ ካቴናው ይወጣል፣ ከዚያ እኔ ጋ ይመጣል። ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሰባት በቂው ነው።

ወደ ቢኤምኤክሱ ልምጣ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባለ 20 ኢንች ቢኤምኤክስ ማለት የልጅ ሳይክል ማለት አይደለም። ትልልቅ ሰዎችም የሚዘሉት በዚያው ጎማ ነው፣ የሚለያየው የአካሉ ርዝመት ነው። የትልቅ ሰው ቢኤምኤክስ የፔዳል ክንድ፣ ማለትም ፔዳሉን የያዘው ብረት፣ 170 ወይም 175 ሚሊ ሜትር ነው። ለልጅሽ 140 አካባቢ ይበቃዋል። ክንዱ ሲረዝም ጉልበቱ ደረቱ ጋ ይደርሳል፣ ዳሌው ኮርቻው ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል።

ማርሹም አንድ ነው። ከፊት 25፣ ከኋላ 9 ጥርስ ያለው ብዙ ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ 4 ሜትር ከምናምን ይሄዳል። ማውንቴኑ ከፊት 32፣ ከኋላ ትልቁ 34 ከሆነ በአንድ ዙር አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ይሄዳል። ለሜዳ የመጀመሪያው ጥሩ ነው። ለአንቺ ዳገት ግን ልጁን የሚያድነው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ሞላ የሌለው፣ አሉሚኒየም አካል ያለው፣ ባለ 20 ኢንች ማውንቴን እፈልግለት ነበር። 8 ወይም 9 ኪሎ የሚመዝን ካገኘሽ እንዳታልፊው።

የድሮ ዘላይ፦

ጋሼ ያሉት ስለ ዳገቱ ልክ ነው። ግን ልጁ የጠየቀው ስለ ዳገት አይደለም፣ ስለ ጉብታዋ ነው። እኔ ከ8 ዓመቴ ጀምሮ ቢኤምኤክስ ነድቻለሁ። ሰውነቴን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ቆሞ መንዳት፣ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ አስተካክሎ ቁልቁል መውረድ፣ ጉብታ ላይ ፔዳል ሳይመቱ በክንድና በጉልበት ብቻ እየገፉ መሄድ። ዛሬ ማውንቴን ስነዳ የምጠቀመው ያንኑ ነው።

ደግሞ መጫወቻ ብቻ ነው ለሚሉ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሞተር ሳይክል ውድድር ያዩ ልጆች ናቸው በሳይክላቸው አስመስለው የጀመሩት። በ2008 ቤጂንግ ላይ የኦሎምፒክ ውድድር ሆኗል። ማውንቴን በ1996 አትላንታ ላይ ቀድሞታል፣ እሱን አልክድም።

የሚበላሽ ነገርም የለውም። ማውንቴን በቀኝ በኩል በወደቀ ቁጥር የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ይጣመማል። ልጅ ደግሞ ይወድቃል። ለሱ ቁመት ባለ 18 ኢንች ቢኤምኤክስ አለ፣ ክንዱም አጭር ነው። ከገዛሽ ከጎማው መሃል ወጣ ያሉትን የመቆሚያ ቱቦዎች ፍቺያቸው፣ ቅልጥሙን ይመቱታል። ፍሬን መኖሩንም እይ፤ ብዙዎቹ ያላቸው የኋላ ብቻ ነው፣ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። ሄልሜቱን የምነግርሽ አይመስለኝም።

ጎማ ጠጋኝ፦

ስለ መቀየሪያው እውነቱን ነው፣ በሳምንት ስንቱን አቃናለሁ። ሜዳው ቤታቸው ደጃፍ ቢሆን እኔም ቢኤምኤክስ እል ነበር። ግን ሜዳው የሚደረሰው በዳገቱ ነው። እያለቀሰ የደረሰ ልጅ ጉብታ ላይ ለመጫወት አቅም አይተርፈውም። አሥር ዓመት ሲሞላውና እግሩ ሲጠነክር ሌላ ወሬ ነው።

የልጁ እናት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለካሁት፣ 55 ሴንቲ ሜትር ነው። ክብደቱ 21 ኪሎ። የድሮዋን ሳይክል ሚዛን ላይ ሳወጣት ደነገጥኩ፣ ከ10 ኪሎ በላይ ናት! እኔ ደግሞ ትንሽ ስለሆነች ቀላል ትመስለኝ ነበር። ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ «በርታ፣ ትንሽ ቀርቶሃል» እያልኩ ያንን ነበር የማስገፋው።

ባለ 20 ኢንች ማውንቴን ገዛን። ሞላ የለውም፣ ሰባት ማርሽ አለው፣ 8 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። አባቱም ሁለቱን በየእጁ አንስቶ ሲያወዳድር ራሱ ነው «ይሄኛው ይሁን» ያለው። ልጄ መጀመሪያ አኮረፈ። የአክስቱ ልጅ ሜዳ ላይ ቢኤምኤክሱን በየተራ ሊያስነዳው ቃል ሲገባለት ነው ፊቱ የተፈታው። የድሮ ዘላይ፣ ቆሞ መንዳቱንና ፔዳል ማስተካከሉን የአክስቱ ልጅ እያስተማረው ነው፣ ልጄም ጉብታዋን በቀስታ ይወጣትና ይወርዳታል።

ቅዳሜ ዳገቱን ወጣን። አንዴ ብቻ ወረደ፣ እሱም ውሃ ሊጠጣ። ጫፍ ላይ ደርሶ ዞሮ ሲጠብቀኝ ሳየው እንባ የመጣው እኔን ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጋሼ፣ ፍሬኑን ለመያዝ ጣቶቹ በደንብ አይደርሱለትም። በሁለት እጁ ካልሳበ አይችልም። ምን ላድርግ? ቁልቁለቱን እስካሁን እያስወረድኩት በእግሩ ነው።

ጎማ ጠጋኝ፦

ደግ አድርገሻል፣ እስክታስተካክዪው በእግሩ ይውረድ። መሪው ላይ የፍሬኑ እጀታ የሚታሰርበት ቦታ ትንሽ ብሎን አለች። አንዳንዱ በካቻቢቴ፣ አንዳንዱ በቀጭን ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ነው የሚዞረው። ወደ ውስጥ ስታጠብቂያት እጀታው ወደ መሪው ይጠጋል። በሩብ ዙር እያልሽ ሂጂ፣ በየመሃሉ ልጁ ይሞክረው። የመጀመሪያው የጣት አንጓ እጀታው ላይ ካረፈ በቂ ነው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ጭመቀው በይው። እጀታው መሪውን ከነካ ሽቦው ላልቷል ማለት ነው፣ እሱንም አጥብቂው። ሁለቱንም ፍሬን ለየብቻ ደልዳላ ቦታ ላይ ፈትኚና ከዚያ ቁልቁለቱን ይንዳው።