ሴሊያክ ያለበትን ልጄን ይዤ ዲዝኒ ወርልድ ልሄድ ነው፤ ምን ላብላው?

ጥያቄ፦ የቢኒ እናት፣ ሜሪላንድ

ሰላም እህት ወንድሞች። ልጄ ቢኒ 7 ዓመቱ ነው። ከስምንት ወር በፊት ሴሊያክ አለበት ተባልን። ለማታውቁት፣ ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። እሱ ሲገባበት የገዛ ሰውነቱ ትንሹን አንጀት ይጎዳዋል። መድኃኒት የለውም፤ ምግቡን መተው ብቻ ነው።

አባቱ ለልደቱ ብሎ ኦርላንዶ ያለውን የትልቁን መዝናኛ ፓርክ የዲዝኒ ወርልድን ትኬት ቆርጦለታል። ጁላይ ላይ በአውሮፕላን እንሄዳለን፣ 4 ቀን ነው። ቤት ውስጥ ሁሉን ነገር ለምጄዋለሁ። ከቤት ውጪ ግን ገና ነኝ፣ እፈራለሁ። የራሴን ምግብ ይዤ ፓርኩ ውስጥ መግባት እችላለሁ? የእነሱን ኩሽናስ ማመን ይቻላል? እንጀራ በኤርፖርት ፍተሻ ያልፋል?

ባለፈው የጓደኛው ልደት ላይ ኬኩ ሲቆረስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ አየሁት። ማንም አልከለከለውም፣ ራሱ ነው። ያቺን አቋቋም እዚያም ማየት አልፈልግም። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።

መልስ፦ ናርዶስ፣ አትላንታ

እህቴ አይዞሽ። የኔ ልጅ 5 ዓመት ሆናት ሴሊያክ ከተባለች። ዲዝኒ ሁለቴ ወስጃታለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከብዙ ከተማ ሬስቶራንት ይልቅ እዚያ ቀሎኛል።

ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች አለርጂ ላለባቸው የተለየ ሜኑ አላቸው። ስልክሽ ላይ የዲዝኒውን አፕ አውርጂ። ሜኑውን ከቤትሽ ሆነሽ ታያለሽ፤ ግሉተን የሌለው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ያሳይሻል። ቁጭ ተብሎ የሚበላበት ቤት ከሆነ ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ቦታ መያዝ ይቻላል። ስትይዢ አለርጂውን እዚያው ሙይ። ስትደርሺም ለአስተናጋጇ ድገሚላት፤ ካልተረጋጋሽ ሼፉን ጥሪልኝ በያት። እንዳታፍሪ። እኛ ሰው ላለማስቸገር ብለን ዝም እንላለን አይደል? እዚህ ላይ ዝምታ አይሠራም።

የድንች ጥብስ ላይ ተጠንቀቂ። ድንቹ ራሱ ምንም የለበትም። ግን ዱቄት የተለወሰ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ከተጠበሰ አለቀ። ለብቻው መጥበሻ ያለው ቤት አለ፣ የሌለውም አለ። በሄድሽበት ሁሉ ጠይቂ፣ ትናንት የበላችሁበት ቢሆንም። ከሳንድዊች ላይ ዳቦውን አንስቶ ሥጋውን መስጠትም አይሆንም፤ ፍርፋሪው ይቀራል።

ደስ የሚለውን ደግሞ ልንገርሽ። ቁርስ ላይ በሚኪ ማውስ ቅርፅ የሚጋገረው ዋፍል ግሉተን የሌለውም አለ። ዶል ዊፕ የሚሉትን የአናናስ አይስክሬም ያለ ኮን፣ በኩባያ ጠይቂለት። ዲዝኒ ስፕሪንግስ የሚባለው መገበያው ውስጥ ኤሪን ማኬናስ የሚባል ዳቦ ቤት አለ፤ የሚጋግሩት ሁሉ ግሉተን የለበትም። ልጄን መጀመሪያ የወሰድኳት ቀን መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ «የቱን ልምረጥ?» አለችኝ። ከዚያ በፊት መምረጥ አታውቅም ነበር። የልደት ኬኩን ነገር እዚያ አስቢው።

መልስ፦ ዳዊት፣ ኦርላንዶ

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ልበል ከወዲሁ። ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። በር ላይ ቦርሳ ሲፈተሽ የአለርጂ ምግብ ነው በያቸው። የማይፈቀደው የጠርሙስ ዕቃ ነው፤ የሕፃን ምግብ ጠርሙስ ብቻ ያልፋል። ልቅ በረዶና ድራይ አይስ የሚሉት ደረቅ በረዶም አይገባም። በላስቲክ የታሸገውን አይስ ፓክ ተጠቀሚ። ኩለሩ፣ ማለት ምግቡን የምትይዢበት ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ ከ24 በ15 በ18 ኢንች መብለጥ የለበትም።

ጁላይ እዚህ ሙቀቱ አይጣል ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ በመብረቅ ይመጣል። ስለዚህ ወጥ በጀርባ ተሸክማችሁ እንዳትዞሩ፣ ይበላሻል። ጠዋት የሚበላውን ብቻ ያዢ። በየፓርኩ የሕፃናት መንከባከቢያ ቤት አለ፣ ማይክሮዌቭ አለው። የመጠጥ ማሽን ያላቸው ምግብ ቤቶች የቧንቧ ውኃ በብርጭቆ በነፃ ይሰጣሉ።

የዲዝኒ ሆቴል ከያዛችሁ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ፍሪጅ ይኖራል። ወጥ ቤት ያለው ቤት ብትከራዩ ግን ይሻላል ባይ ነኝ። ፐብሊክስ ሱፐርማርኬት በየሠፈሩ ነው፤ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ ከዚያ ትገዣለሽ።

መልስ፦ እማማ አስካለ፣ ዳላስ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እኛ ስናድግ እንዲህ የሚባል በሽታ ሰምተን አናውቅም። ጥቂት ጥቂት እየቀመሰ ቢለምደውስ? ልጅ ከልጅ ተለይቶ ሲበላ ያሳዝናል።

መልስ፦ ሄለን ነርሷ፣ ሚኒሶታ

እማማ አስካለ፣ ከርኅራኄ እንደተናገሩት አውቃለሁ። ግን እየቀመሱ የሚለመድ አይደለም። ሆዱን ባያመውም እንኳ አንጀቱ ውስጡን ይጎዳል። ያን ጊዜ ልጁ ምግቡ አይጠቅመውም፣ ደሙ ያንሳል፣ ዕድገቱም ይጓተታል። ድሮም በሽታው የለም ማለት አይቻልም፤ የሚመረምረው ስላልነበረ ስም አልወጣለትም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ምግብ «ግሉተን ፍሪ» ለመባል በ1 ኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት። ፍርፋሪ ለምን እንደምንፈራ ከዚህ ይገባዎታል።

የቢኒ እናት፣ አሁን ወደ እንጀራሽ። ጤፍ ግሉተን የለበትም። ችግሩ ጤፍ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጤፍ ብቻ አለመሆኑ ነው። እዚህ አገር ብዙው እንጀራ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይገባበታል። ንፁህ ጤፍ ቢሆን እንኳ እርሾው ከተቀላቀለ ሊጥ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ምጣዱስ? አምባሻ የሚጋገርበት ከሆነ አይሆንም። ስለዚህ እርሾውን ከጤፍ ብቻ አዲስ ጣይ፣ ምጣዱንም ለይው።

ቆሎና በሶ ገብስ ናቸው። ቂንጬ ስንዴ ነው። አጃም ቢሆን ግሉተን ፍሪ ካልተባለ በስንዴ የተነካካ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ማሸጊያ ስታነቢ አንድ ነገር ልብ በይ። ሕጉ ስንዴ ካለበት «ስንዴ አለበት» ተብሎ እንዲጻፍ ያስገድዳል፣ ገብስን ግን አያስገድድም። «ሞልት» የሚል ካየሽ ያው የኛ ብቅል ነው፣ ገብስ ነው። ከሩዝ ተሠራ በተባለ የቁርስ ሲሪያል ውስጥ ሁሉ ይገኛል።

ኤርፖርት ላይ እንጀራና ዳቦ ያልፋሉ፣ ደረቅ ምግብ ናቸው። ወጥ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በእጅ ሻንጣ ከ3.4 ኦውንስ በላይ አያሳልፉም። ሽሮና በርበሬውን ወደ ትልቁ ሻንጣ አድርጊው፤ ዱቄት ሲበዛ ለፍተሻ ያስቆማል።

መልስ፦ ናርዶስ፣ አትላንታ

ሄለን ትክክል ናት። አንድ ጊዜ እዚሁ ከአንድ ሱቅ «100 ፐርሰንት ጤፍ» የተባለ እንጀራ ገዛሁ። ልጄ ሦስት ቀን ሆዷን ይዛ ተኛች። ተመልሼ ስጠይቅ ጋጋሪዋ «እንዳይቆራረጥብኝ ትንሽ ስንዴ ጣል አደርጋለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንጀራ አልገዛም።

መልስ፦ መሠረት፣ ቨርጂኒያ

የኔ ልጅ አለርጂዋ ወተትና ኦቾሎኒ ነው፤ ከሴሊያክ ይለያል፣ መርፌዋ ከእጄ አይለይም። ይህን ለሚያነቡ እናቶች፦ በየፓርኩ ነርስ ያለበት የመጀመሪያ እርዳታ ቤት አለ፣ ስትገቡ የት እንደሆነ እዩ። ደግሞ «ቪጋን» ማለት የኛ የጾም ምግብ ዓይነት ነው እንጂ ለአለርጂ የተጠነቀቀ ማለት አይደለም። ኦቾሎኒው ያው ይኖርበታል።

መልስ፦ እማማ አስካለ፣ ዳላስ

እሺ ነርሷ፣ ገባኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። አንቺም ልጄ ቅር እንዳይልሽ። እንግዲህ እንጀራው ከጤፍ ብቻ ከሆነ ለምን ድርቆሽ አታደርጊለትም? እኛ መንገድ ስንወጣ ስንቃችን እሱ ነበር። አይሻግት፣ አይከብድ። ቆራርሰሽ በንፁህ ጨርቅ ላይ አስጪው፣ ደርቆ ቁርስርስ ሲል በላስቲክ ቋጥሪው። እዚያ ሙቅ ውኃና ዘይት ካገኘሽ ፍርፍር ነው። ልጁም እንዲያው በደረቁ ይቆረጥመዋል።

የቢኒ እናት፣ ከመንገድ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ገባን። አልታመመም! አራቱንም ቀን አልታመመም።

ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራየን፣ ዳዊት ተባረክ። አዲስ መጥበሻና የእንጨት ማማሰያ ከቤት ይዤ ሄድኩ፣ የነሱን አልነካሁም። እማማ፣ ድርቆሹን 10 እንጀራ አድርጌ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ቢኒ ለሰልፍ ስንቆም ከላስቲኩ እያወጣ ይቆረጥማል፣ አጠገባችን የቆመች ልጅ ሳይቀር ጠይቃ ቀመሰች። እናትዋን አስፈቅጄ ነው።

ቁርስ ላይ ዋፍሉን ሲያመጡለት አልነካውም። ሳህኑን እያየ «ይሄ የኔ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። አላመነኝም፣ አስተናጋጇን ራሱ ጠየቃት፦ «ግሉተን የለውም?» ጎንበስ ብላ የለውም አለችው። ከዚያ የሚኪውን ጆሮ ገምጦ ጀመረ። አባቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እርሾውን አድሼዋለሁ፣ ምጣዱንም ለይቻለሁ። የበርበሬው ነገር ነው ያሳሰበኝ። ከአገር ቤት የሚላክልን በርበሬ፣ ስንዴም ከሚፈጭበት ወፍጮ ነው የሚወጣው። ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ ሄለን ነርሷ፣ ሚኒሶታ

ዱቄቱን ተይውና ዛላውን አስልኪ። ቅመሙንም ሳይፈጭ። አዲስ የቡና መፍጫ ግዢና ለቢኒ ብቻ ይሁን። ዛላውን አጥበሽ በደንብ አድርቂው፣ ኮረሪማውን ፈልፍለሽ በትንሽ በትንሹ ፍጪው። መስኮት ክፈቺ፣ ያስነጥሳል።