በእጅ የሚሞላ ሰዓቴ በድንገት በቀን 20 ደቂቃ መቅደም ጀመረ፤ ማስተካከያውን ልንካው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለ 17 ሩቢ (የውስጥ ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸው ድንጋዮች)፣ በእጅ የሚሞላ አሮጌ የእጅ ሰዓት አለኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በቀን ከ15 ሰከንድ በላይ አይዛነፍም ነበር፤ አሁን ግን ሳይወድቅና ሳይመታ በቀን 20 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። የጀርባ ክዳኑን ከፍቼ ስመለከት ከባላንሱ (ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ የሰዓቱን ፍጥነት ከሚጠብቀው ጎማ) በላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ትንሽ ማስተካከያ አየሁ። ወደ መቀነሱ ገፋ ባደርገው ይበቃል ወይስ ዘይቱ ደርቆ ሙሉ እጥበት ያስፈልገዋል?

ወረንጦ፦
ማስተካከያውን ባይነኩት እመክራለሁ። እሱ የተሠራው በቀን የጥቂት ሰከንዶችን፣ ቢበዛ የጥቂት ደቂቃዎችን ልዩነት ለማረም ነው፤ በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ የቀደመ ሰዓት አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው። የባላንሱን ፍጥነት የሚወስነው ፀጉር የሚያክለው ጥምዝ ሞላ ሲሆን፣ ሞላው ባጠረ ቁጥር ባላንሱ ይፈጥናል። ሂሳቡን ብንሠራው፣ በቀን 20 ደቂቃ ለማስቀደም የሞላው ርዝመት ከመቶ 3 እጅ እንኳ ማጠር አያስፈልገውም፤ ሁለት ጥምዞች አንድ ቦታ ላይ ቢጣበቁ በቂ ነው። የሚያጣብቃቸው አብዛኛውን ጊዜ ማግኔት ወይም ሞላው ላይ የደረሰ ዘይት ነው። የእርስዎ ሰዓት ሳይከፈትና ሳይወድቅ በድንገት ስለቀደመ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ማግኔትን ነው፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ፣ የታብሌት ሽፋንና የቦርሳ መቆለፊያ ሁሉ ማግኔት አላቸው። የደረቀ ዘይት ጠባዩ ሌላ ነው፦ የባላንሱ ውዝዋዜ ይደክማል፣ ሰዓቱ እንደ አቀማመጡ ይለዋወጣል፣ አንዳንዴም በእጅ የተሞላው ኃይል ሳያልቅ ይቆማል።

ሞላ ቆጣሪ፦
በወረንጦ ሐሳብ እስማማለሁ። ማግኔት መያዙን በኮምፓስ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚስትበት ነገር ግን አለ። ማንኛውም ብረት የኮምፓስን መርፌ ስለሚስብ፣ መርፌው ወደ ሰዓቱ መዞሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሰዓቱን ከኮምፓሱ አጠገብ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ አንዱ ጎኑ የሳበውን የመርፌ ጫፍ ሌላው ጎኑ ከገፋው፣ ሰዓቱ ማግኔት ይዟል። ማግኔት ማጥፊያ መሣሪያ ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቁልፉን ተጭነው ሳለ ሰዓቱን በዝግታ ክንድ ያህል አርቀው ከወሰዱ በኋላ ነው መልቀቅ ያለብዎት። ሰዓቱ መሣሪያው ላይ እንዳለ ቁልፉን ከለቀቁ ማግኔቱ ሊብስበት ይችላል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የመርፌው ጫፍ በአንዱ ጎን ተስቦ በሌላው ሸሸ። ማግኔቱ ከጠፋ በኋላ መቅደሙ ወደ 2 ደቂቃ ወርዷል። የቀረውን በማስተካከያው ልጨርሰው?

ወረንጦ፦
አሁንም አይቸኩሉ። በማጉያ መነጽር ጥምዞቹን ይመልከቷቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሁሉም በኩል ተመሳሳይ መሆን አለበት፣ የሚያብረቀርቅ እርጥበትም ሊታይባቸው አይገባም። ዘይት ካዩ ባላንሱ ወጥቶ ከነሞላው በንጹህ የሰዓት ማጠቢያ ቤንዚን መታጠብ ይኖርበታል፤ ይህንን ለለመደ እጅ ይተዉት፣ ምክንያቱም ሞላው በወረንጦ አንዴ ከተጣመመ ማቃናቱ ከእጥበቱ እጅግ ይከብዳል። አልኮል ውስጥ አይዘፍዝፉት፤ ከባላንሱ ሥር ያለችውን ትንሽ ድንጋይ የያዘውን ሙጫ ያሟሟዋል።

ዘይት ከሌለ ሰዓቱን ሙሉ በሙሉ ሞልተው መስታወቱን ወደ ላይ አድርገው ለ24 ሰዓት ይለኩት፤ እንደገና ሞልተው መስታወቱን ወደ ታች በማድረግ ይድገሙት። ሁለቱ ውጤቶች ከተቀራረቡ ማስተካከያውን በሾለ እንጨት ጫፍ እምብዛም በማይታይ መጠን ይግፉና እንደገና ይለኩ። በጣም ከተራራቁ ግን እጥበት ያስፈልገዋል፤ ማስተካከያው ሊያቀራርባቸው አይችልም።

ሞላ ቆጣሪ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ለእጥበት ከሰጡት፣ ባላንሱን የሚገፋው ሹካ መሰል ክፍል ዘንግ ጫፎች በተለምዶ ዘይት እንደማይደረግላቸው ባለሙያው ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት። ሁሉንም ቀዳዳ በዘይት የሚሞላ ከሆነ ሰዓትዎን ይዘው ይመለሱ።