«ከእጄ ከወጣ አላውቅም» ብሎ ነገር ምንድን ነው?

ባለምጣዷ፦ ትናንት አንድ ሻጭ እዚሁ የጎንደር ግሩፓችን ላይ የለጠፈውን አያችሁልኝ? «ዕቃው ከእጄ ከወጣ አላውቅም። ትራንስፖርት በገዢ» ይላል። ደሜ ነው የፈላው። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምጣድ በቴሌግራም አዘዝኩ። ሙሉ ሒሳቡን በቴሌብር ላኩ። መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ካርቶኑ ላይ በእስክሪፕቶ «ተሰባሪ» ተብሎ ተጽፏል፣ ውስጡ ግን አንድ እፍኝ ጭድ የለም። በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ድምፁ የሞተ ነው። ሸክላው ከመሀል እስከ ጠርዝ ተሰንጥቋል። ሻጯ ጋ ስደውል ያው መልስ፦ ከእጄ ወጥቷል።

ሻጭ ነኝ፦ ምጣዱን የሸጥኩልሽ እኔ ባልሆንም ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ነገም እለጥፈዋለሁ። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዓባይ በረሃን ወርዶ በሚወጣ ካርቶን ላይ ረዳቱ ኩንታል ቢጭንበት ምን ላድርግ? አብሬው ልሳፈር?

የአዘዞ ልጅ፦ ገንዘቡስ ከገዢ እጅ ሲወጣ ለምን «አላውቅም» አትልም? እሱን በደንብ ታውቀዋለህ።

ሻጭ ነኝ፦ ዕቃው ሲደርስ ክፈሉ ብዬ ሞክሬዋለሁ። ካርቶኑ መናኸሪያ ይደርሳል፣ ገዢው ስልኩን ያጠፋል። የደርሶ መልሱን ከኪሴ። የሐሰት የክፍያ ስክሪንሾት የሚልክልኝንማ ተዉት።

የአዘዞ ልጅ፦ ሌላ ሰው ላጠፋው ስልክ እሷ ትክፈል?

ሕግ ቢጤ፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። በግሩፕ ማስታወቂያ አዋጅ ይሻራል እንዴ?

ሻጭ ነኝ፦ ጉድለት ሌላ፣ መንገድ ላይ መሰበር ሌላ። ከእጄ ጤነኛ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ሕግ ቢጤ፦ በምን ታስረዳለህ? ሲታሸግ ቪዲዮ አለህ? ከረዳቱ የተቀበልከው ደረሰኝ አለህ?

ሻጭ ነኝ፦ ረዳት ደረሰኝ ሲሰጥ አይተህ ታውቃለህ? ስልክ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ይጻፋል፣ አለቀ።

ሕግ ቢጤ፦ እኔም የምለው እሱን ነው። ያለ ደረሰኝ መላክን የመረጥከው አንተ ነህ። ረዳቱን የምታውቀው አንተ፣ ያሸግከው አንተ። ገዢ የሚያውቀው ታርጋ ቁጥር ብቻ ነው። ፖስታ ቤት ብትልከው ቢያንስ ወረቀት አለው።

ሻጭ ነኝ፦ ምጣድ በፖስታ ቤት! ዋጋውን ጠይቀህ ተመለስ።

የልጆች እናት፦ ቆይ እኔ ያልገባኝ፣ ወለቃ አፍንጫችን ሥር ሸክላ ሠሪ ሞልቶ ምጣድ ከአዲስ አበባ? ልጄ፣ ራስሽ ነሽ ያመጣሽው።

ባለምጣዷ፦ እማማ፣ ወለቃ ሽቦ የተዘረጋለት ምጣድ አላገኘሁማ።

የልጆች እናት፦ ሸክላውን ከወለቃ፣ የቀረውን እዚህ ማሠራት ነው። እኔ ያሠራሁት ይኸው ስንት ዓመቱ።

የአዘዞ ልጅ፦ የወለቃ ሸክላ ለቱሪስት ሆኗል ባክዎ።

የልጆች እናት፦ አፍህን ሰብስብ! እናትህ በምን ጋግራ አሳደገችህ?

የአዘዞ ልጅ፦ እናቴን ምን አመጣት?

ባለምጣዷ፦ ወደ ነገራችን። አንተ «ከእጄ ከወጣ» ባዩ፣ የምትልከው ምንድን ነው?

ሻጭ ነኝ፦ የጎንደር ጥበብ።

ባለምጣዷ፦ ጥበብ ይሰበራል?

ሻጭ ነኝ፦ ዘይት ይፈስበታል። ይጠፋል። በዓል ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ለጥምቀት የታዘዘ ቀሚስ መንገድ ተዘግቶ ባሕር ዳር አድሮ ያውቃል።

ሕግ ቢጤ፦ መለስክላት?

ሻጭ ነኝ፦ ግማሹን።

የአዘዞ ልጅ፦ አሃ! ታዲያ ከእጅህ ከወጣም ታውቃለህ ማለት ነው።

ሻጭ ነኝ፦ ደንበኛዬ ስለሆነች ነው። ግዴታ ስላለብኝ አይደለም።

ሕግ ቢጤ፦ ግማሽ ግዴታ።

ሻጭ ነኝ፦ አንተ ጠበቃ ነህ ነገር ፈላጊ?

ባለ ሱቁ፦ እህቴ፣ የምጣዱ ሽቦና ገመድ ደህና ከሆነ እኔ ከአንቺ እገዛዋለሁ። ሱቄ ማራኪ ሰፈር ነው።

ባለምጣዷ፦ ደህና ነው። ትራንስፖርት በገዢ።