ኬሞ ላልመለሰው ሊምፎማ ቫይታሚን ኤ ይረዳል?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። የታላቅ ወንድሜ የአንገት እብጠት ሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሣ ካንሰር) መሆኑ ታውቆ ኬሞ ሲጀምር ጠፍቶለት ነበር፤ ሕክምናውን በጨረሰ በጥቂት ወራት ግን ተመለሰ፤ የተቀየረለት መድኃኒትም አላቆመውም። አንድ ዘመዳችን ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ መድኃኒት እንዲህ ያለውን በሽታ እንደሚያድን ሰምቶ፣ ለሕፃናት በዘመቻ የሚሰጠውን ቀዩን እንክብል ከሆነ ቦታ አምጥቶ በየቀኑ እንዲውጥ እየገፋፋው ነው። የምታውቁ ብትመክሩን።

ፋርማሲስት፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። እንክብሉን እንዳይጀምር አጥብቀው ይከልክሉት። አንዱ ቀይ እንክብል 200,000 ዩኒት የሚይዝና ዓመት ለሞላው ሕፃን በስድስት ወር አንዴ የሚሰጥ ነው፤ በየቀኑ ከተዋጠ ጉበት ውስጥ እየተጠራቀመ ጉበቱን ይጎዳል፣ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ጨምሮም ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ያመጣል።

ዘመድዎ የሰሙት ነገር ግን ጨርሶ መሠረት የሌለው አይደለም። ቤክሳሮቲን የሚባል የቫይታሚን ኤ ተዛማጅ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ የተፈቀደውም ቆዳ ላይ ለሚወጣው፣ ቲ ሴል ከተባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ለሚነሣው ሊምፎማ፣ ያውም ሌላ ሕክምና ተሞክሮ ላልሠራለት ሰው ነው። መድኃኒቱ በካንሰሩ ሴል ውስጥ አር ኤክስ አር ከተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ፣ ሴሉ መባዛቱን ትቶ እንዲሞት የሚያደርጉ ጂኖችን ያነቃቃል። ተራው ቫይታሚን ይህን አይተካም። ትሬቲኖይን የተባለው ዘመዱ ደግሞ ከአርሴኒክ ጋር ተሰጥቶ ብዙ ሰው ያዳነው ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር ነው እንጂ በሊምፎማ አይደለም። የወንድምዎ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት ምን ይላል?

አስታማሚ፦ እናቴ ያ የቆዳ ሊምፎማ ነበረባት፤ ጀርባዋ ላይ የወጣው ቀይ ሽፍታ ለረጅም ጊዜ እንደ ጭርት ሲታከም ቆይቶ ናሙና ሲወሰድ ነው የታወቀው። ቤክሳሮቲን ስትወስድ የደም ቅባቷ እጅግ ከፍ አለ፣ የታይሮይድ ሆርሞኗም ወረደ፤ በመሆኑም በባዶ ሆድ የሚደረገው የደም ምርመራ ከመድኃኒቱ ፈጽሞ አይለይም። ጽንስን ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር ሴት አትወስደውም፤ ልትወልድ የምትችል ሴትም ያለ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ አትወስደውም።

ጠያቂ፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ትልልቅ ሴል ያለው የቢ ሴል ሊምፎማ ይላል።

ፋርማሲስት፦ እንግዲያው የእርሱ ሊምፎማ ከቲ ሴል ሳይሆን ቢ ሴል ከተባለው ሌላ የነጭ ደም ሴል ዓይነት የተነሣ ስለሆነ፣ ቤክሳሮቲን የእርሱ መድኃኒት አይደለም። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሁን ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ የሚከታተሉትን ሐኪም ከተመለሰው እጢ አዲስ ናሙና መውሰድ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ቀጣዩ የመድኃኒት ቅንብር የትኛው እንደሆነ፣ የራሱ የመቅኒ ሴል ንቅለ ተከላ ይሆነው እንደሆነም ይጠይቁልኝ። ቫይታሚን ኤ አለባቸው ብለው ዓሣውንና ማንጎውን ግን አይከልክሉት፤ ሰውነቱ ምግብ ይፈልጋል። እንክብሉንም ለሐኪሙ ያሳዩ፤ አስቀድሞ ውጦ ከሆነ የጉበት ምርመራ ያዝዙለታል።