የእህቴ ቴስቶስትሮን 42 ነው ይላል፣ ገደቡ 2.5 ነው አሉኝ፣ የገባው ሰው ይንገረኝ

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። እህቴ 19 ዓመቷ ነው፣ 800 ሜትር ትሮጣለች፣ ክለብ ገና አልያዘችም ግን ሌሊት 11 ሰዓት ሙቀቱ ሳይነሳ ወጥታ ትሰራለች። ሰሞኑን የወር አበባዋ ሲቀርባት ሐኪም ጋ ሄደች፣ ሆርሞን አዘዘላት፣ ወረቀቱ ላይ ቴስቶስትሮን 42 ይላል። እኔ ሞኙ በርጫ ላይ አወራሁታ! አንዱ ስልኩን ጎርጉሮ "የወርልድ አትሌቲክስ ገደብ እኮ 2.5 ነው፣ እህትህ ያላት የወንድ ነው፣ ሩጫውን ትተወው" አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ አቦ። ለሷ ምንም አልነገርኳትም።

ማይክሮስኮፕ፦
አቦ ተረጋጋ። ላብራቶሪ ነው የምሰራው። ከ42 ጎን ያለችውን መለኪያ አይተሃታል? 2.5 የሚባለው በናኖሞል በሊትር ነው፣ እዚህ የማየው ወረቀት አብዛኛው ደግሞ በናኖግራም በዴሲሊትር ነው የሚወጣው። ለ28.8 አካፍለው፣ 1.46 ገደማ ይመጣል። የሴት እስከ 1.8 አካባቢ ነው፣ የወንድ ከ7.7 እስከ 29 ምናምን። 42 ናኖሞል ቢሆንማ ጤነኛ ወንድም አይደርስበት፣ ያ ጓደኛህ ራሱ አይደርስበትም 😂

ምርቃና ነኝ፦
እሺ የሷ ይቅር፣ ግን ነገሩ ውሸት ነው እንዴ? ሪዮ 2016 ላይ በ800 ሜዳሊያ የወሰዱት ሦስቱም፣ ሰሜንያ፣ ኒዮንሳባ፣ ዋምቡዪ፣ በዚሁ ሕግ ተይዘው ከርቀቱ ወጡ። ስለዚህ የሚሮጠው ሆርሞኑ ነዋ።

የጀጎሏ፦
ወንድሜ ሁለት ነገር አታደባልቅ። ወንድና ሴትን የሚያራርቀው በብዛት እሱ ነው፣ ጡንቻ ይጨምራል፣ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይጨምራል፣ ማንም አይክድም። ማራቶን እይ፣ ኪፕተም 2:00:35 ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ 2:11:53፣ ሁለቱም 2023። ግን ከሴት ሴት ስታወዳድር የአንዷ 0.8 የሌላዋ 1.4 መሆኑ ማን እንደሚቀድም አይነግርህም። በ2017 የወጣውና ለሕጉ መነሻ የሆነው ጥናት እንኳን በ2021 ማስተካከያ ወጥቶበት ምክንያትና ውጤት አያሳይም ተብሏል። እና ትዕግስት ራሷ ሪዮ ላይ 800 እንደሮጠች ታውቃለህ? ከማጣሪያው አላለፈችም። ታዲያ ከዛ በርሊን ያደረሳት ሆርሞን ነው?

ሕጉም ዝም ብሎ ቴስቶስትሮን ከፍ ያለባትን ሴት ሁሉ አይይዝም፣ ኦቫሪዋ ላይ ሲስት ኖሮ ከፍ ያለባትን አይነካም፣ ወንዶች የሚይዙትን ዋይ ክሮሞዞም ይዘው የተወለዱትን ነው። 2018 ላይ ገደቡ 5 ነበር፣ ከ400 እስከ ማይል ብቻ፣ ሰሜንያ ከሳ 2019 ተፈረደባት፣ ኒዮንሳባ ደግሞ ርቀት ቀይራ በ2021 የ2000 ሜትር ሪከርድ 5:21.56 ሰበረች፣ ከዛ 2023 ላይ 2.5 ሆኖ ሁሉንም ውድድር ጠቀለለ። ከመስከረም 2025 ወዲህማ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥሩም አይደለም፣ እዛው ዋይ ክሮሞዞም ላይ ያለው ኤስአርዋይ የሚባለው ጂን ነው፣ በዕድሜ አንዴ ከጉንጭ ወይ ከደም ይወስዳሉ። ልክ ነው አይደለም ለሚለው እኔም አልቆረጠልኝም ወላሂ፣ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ራሱ 2025 ላይ ሰሜንያ በስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት በአግባቡ አልተሰማችም አለ እንጂ ሕጉን አልሰረዘም።

ጠያቂው፣ አንተ ግን የተሳሳተው ቁጥር ላይ ነው ያፈጠጥከው። እኔም ሮጫለሁ፣ ደንገጎን ሽቅብ ስሰራ የወር አበባዬ ሰባት ወር ቀርቶብኝ ነበር፣ ሰፈር "ወንዳወንድ" ይሉኝ ነበር አሉባልታ አይጠፋ። የበላሁት ከሮጥኩት ስላነሰ ነበር፣ ሰውነት መጀመሪያ የሚዘጋው እሱን ነው፣ ቀጥሎ አጥንት ይሰባበራል። ምን በልታ ነው የምትወጣው? አይረንስ ታይቶላታል?

የሳቢያን ልጅ፦
ወረቀቱን ከቦርሳዋ ሰርቄ አየሁት፣ ናኖግራም ነው!! ማይክሮስኮፕ ዕድሜ ይስጥህ። አይረን አልታየላትም፣ ሰኞ እንሄዳለን። እናቴን ስጠይቃት ደግሞ "ባዶ ሆዷን ነው የምትወጣው፣ ስመለስ እበላለሁ ትለኛለች፣ ስትመለስ ትተኛለች" አለችኝ፣ አንድ ቤት እየኖርን አላውቅም ነበር። የጀጎሏ እህቴ፣ ስልክሽን በውስጥ ላኪልኝ እሷው ታናግርሽ፣ እኔን አትሰማኝም።

ለበርጫው ልጅ "ለ28.8 አካፍል" ብዬ ጻፍኩለት፣ "ምኑን?" አለኝ።