58 ተማሪ፣ አንድ ስልክ፦ የሙዚየሞችን የኦንላይን ስብስብ ክፍል ውስጥ እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?

የታሪክ መምህርት (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 58 ተማሪ አለኝ። ፕሮጀክተር ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ ነው፤ ተራዬ ደርሶ መብራት የጠፋበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ እጄ ላይ ያለው ስልኬ፣ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅልና ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው።

የሰው ልጅን አመጣጥ ሳስተምር «አዲስ አበባ ሄዶ ብሔራዊ ሙዚየም የገባ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ እጅ ወጣ። የቀሩት 57ቱ ድንቅነሽን የሚያውቋት የአውራ ጣት በምታህል ፎቶ ነው። እዚሁ አገራቸው የተገኘችውን! ያን ቀን ሆዴ ባባ።

ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁት ሀብት በጣም ብዙ ነው። የአሜሪካው የሙዚየሞች ተቋም ስሚዝሶኒያን በ2020 እ.ኤ.አ. 2.8 ሚሊዮን ምስሎችን ማንም ሳያስፈቅድ እንዲጠቀምባቸው ለቋል። ኒው ዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ሙዚየምም ከ2017 ጀምሮ እንደዚሁ አድርጓል፤ እዚያ የኛ የብራና ወንጌል አለ፣ ሥዕሎቹ በትልቁ ይታያሉ። አንዱን ሥዕል አውርጄ ስልኬን ይዤ በየወንበሩ ዞርኩ። ልጆቹ ተደነቁ። በማግስቱ «ምን አያችሁ?» ስላቸው ግን «ቆንጆ ሥዕል» ከሚል በቀር የመጣ መልስ የለም።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ዕቃውን ራሱ እንዲመረምረውና እንዲከራከርበት ያደረጋችሁ አላችሁ? ያውም ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል? የመተግበሪያ ስም ሳይሆን ክፍል ውስጥ ያደረጋችሁትን ንገሩኝ። ደግሞ ሌላም አለ፦ «ሐዋሳ» ብዬ ስፈልግ ከሐይቁና ከሆቴሎች ፎቶ ሌላ የሚመጣልኝ ነገር የለም። የአካባቢያችን ታሪክ የት ነው ያለው?

የባዮሎጂ መምህር (አዳማ)

እህቴ፣ እኔ ድንቅነሽን በክር ነው የማስተምራት። እንዴት መሰለሽ።

አጥንቶቿ በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በነበሩበት ጊዜ ኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን አንስቷቸዋል፤ ከ35,000 በላይ ቁራጭ ምስል ነው የወጣው። «ኢሉሲ» የሚባለው ድረ ገጻቸው ላይ የእሷን አጥንት ከሰውና ከቺምፓንዚ አጥንት ጎን ለጎን አስቀምጠውታል። እኔ ከዚያ የላይኛውን ክንድና የጭኑን አጥንት ብቻ ወስጄ በአንድ ወረቀት አሳተምኩ። ክንዷ 24፣ ጭኗ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክንዱን ለጭኑ ስታካፍይው 0.85 አካባቢ ይመጣል።

ክፍል ስገባ ይህን ቁጥር አልናገርም። መጀመሪያ አንድ ጥቅል የስፌት ክር ቆራርጬ ለየወንበሩ አድላለሁ። ወንዱ ወንዱን፣ ሴቷ ሴቷን ከትከሻ እስከ ክርን፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት ይለካሉ፤ ክሩን ማስመሪያ ላይ ዘርግተው ያካፍላሉ። የሁሉም መልስ 0.7 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል። ልብስ ስላለ ልኬቱ ፍጹም አይደለም፣ ግድ የለም። የቺምፓንዚ 1 አካባቢ እንደሆነ ሰሌዳው ላይ እጽፍና ወረቀቱን እበትናለሁ። የድንቅነሽን ሲያሰሉ መሐል ላይ ትወድቃለች። ያኔ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ከዚያ አንዱ «ቲቸር፣ ታዲያ ዛፍ ትወጣ ነበር ማለት ነው?» ይላል። ትምህርቱ የሚጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ክርክር ከፈለግሽ ደግሞ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. እነዚሁ የቴክሳስ ተመራማሪዎች በአጥንቶቿ ላይ ያለውን ስብራት አይተው ከዛፍ ወድቃ ሞታለች የሚል ጽሑፍ አወጡ። ካገኟት አንዱ የሆነው ዶናልድ ጆሃንሰንም ሆነ ሌላው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ቲም ኋይት አልተቀበሉትም፤ እንዲህ ያለ ስብራት ከሞት በኋላ መሬት ውስጥም ይደርሳል ነው የሚሉት። ተመራማሪዎቹ ታዲያ ሌላው ሰው ራሱ አይቶ እንዲፈርድ ብለው የትከሻዋንና የጉልበቷን ባለ ሦስት ገጽታ ፋይል በነጻ ለቀቁት። ለልጆቼ ይህን ስነግራቸው በጣም ነው የሚደነቁት፤ ሳይንቲስት ከሳይንቲስት የሚጣላ አይመስላቸውም ነበር።

የአንደኛ ደረጃ መምህር (ሻሸመኔ)

ለፎቶ ኮፒው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባለ ቀለም ምስል እንዳለ ከሰጣችሁት ጥቁር ጭቃ ሆኖ ነው የሚወጣው። አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት፣ ብርሃኑን ከፍ አድርጉት፣ አንድ ቅጂ አውጥታችሁ እዩና ከዚያ አባዙት። ለአራት ልጅ አንድ ወረቀት ይበቃል። ለየብቻ ከሆነ ዝም ብለው ያዩታል፤ ለአራት ሲሆን ግን ይነጋገሩበታል።

ጡረተኛ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ (ሐዋሳ)

ልጄ፣ ስለ አካባቢያችን ለጠየቅሽው እኔ ልመልስልሽ። ሠላሳ ዓመት ካታሎግ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ።

ዕቃው የሚገኘው ዛሬ እኛ በምንጠራው ስም ሳይሆን በዚያን ጊዜ የመዘገበው ሰው በጻፈው ስም ነው። ሐዋሳ በእንግሊዝኛ «ኤች» ያለውም የሌለውም አጻጻፍ አላት፤ «ኤስ» አንዴም ሁለቴም ይጻፋል። አራቱንም ሞክሪ። ሲዳማን ስትፈልጊ «ሲዳሞ» ብለሽም ፈልጊ። ጌዴኦ በድሮ ጽሑፎች «ዳራሳ» ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ ሕዝቡ ራሱን የማይጠራበት፣ የማይወደውም ስም ነው። ለመፈለጊያ ትጠቀሚበታለሽ፣ ለልጆቹ ግን ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ሳትነግሪያቸው አትለፊ።

ጀርመን ፍራንክፈርት ያለው የፍሮቤኒየስ ተቋም በ1930ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ቡድን ልኮ ነበር፤ ያነሷቸው ፎቶዎችና የሣሏቸው ሥዕሎች በምስል መዝገባቸው ኦንላይን ይገኛሉ። መግለጫው ጀርመንኛ ነው፣ በስልክሽ አስተርጉሚው።

ከሁሉ አስቀድመሽ ግን የዩኔስኮን ገጽ ክፈቺ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው የተመዘገበው። አጭር ማብራሪያው፣ የማመልከቻው ሰነድ፣ ፎቶዎቹና ፊልሙ በሙሉ እዚያ አሉ። ጎረቤታችን የጌዴኦ መልክዓ ምድርም በ2023 ገብቷል፤ የትክል ድንጋዮቹ ጉዳይ የማመልከቻው ሰነድ ውስጥ በሰፊው ተጽፏል።

አደራ የምልሽ፦ ምስል ስታወርጂ ብቻውን አታውርጂ። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የት እንደተገኘ፣ ማን እንደሰጠው፣ መቼ እንደገባ፣ የመጠቀም ፈቃዱን አብረሽ ያዢ። ያለ መዝገቡ ምስሉ ማን እንደወለደው የማይታወቅ ልጅ ነው። ገጽም ይዘጋል፤ በራሴ ደርሷል፣ ለአውደ ጥናት ያዘጋጀሁት የአንድ የውጭ ቤተ መጻሕፍት ገጽ ጠዋት አልከፈት ብሎ ሰው ፊት ባዶ እጄን ቆሜያለሁ። ፍላሽ ላይ አስቀምጪ።

የግእዝ ተማሪ

ብራና ለምትፈልጉ፦ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት በነጻ ተመዝግባችሁ የሚነበብ የኦንላይን ክፍል አለው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ በማይክሮፊልም የተነሱት የኛ መጻሕፍት እዚያ ይገኛሉ። ብዙውን ካታሎግ የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ልጆቹ ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን በኅዳጉ ላይ የተጻፈውን የመሬት ስጦታና የውርስ ማስታወሻ እንዲያዩ አድርጓቸው፤ ታሪኩ እዚያ ነው።

የታሪክ መምህርት (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት አልፎኛል፣ ሞክሬ መመለሴ ነው።

የአዳማው ወንድሜ፣ ክሩ ሠርቷል። ሁለት ልጆች 0.6 አምጥተው ነበር፤ ጓደኞቻቸው «ክሩን ከወገብህ ነው የጀመርከው» «አይደለም» እየተባባሉ እንደገና አስለኳቸው። እኔ ምንም አላልኩም። ከዛፍ የመውደቋን ክርክር ወደሚቀጥለው ሳምንት አሳድሬዋለሁ።

ጋሼ፣ የእርስዎን ምክር በፍቼ ጀመርኩት። የዩኔስኮን አጭር ማብራሪያ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ አንድ ልጅ ደግሞ ለጓደኞቹ በሲዳምኛ አነበበላቸው። በዓሉ የመነጨው ካገባች በኋላ በዓመት አንዴ ወላጆቿን ትጠይቅ ከነበረች ሴት እንደሆነ፣ ስትመጣም ቡሪሳሜ የሚባለውን ምግብ ይዛ ትመጣ እንደነበር፣ ቡሪሳሜውም ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ እንደሚሠራ ይናገራል። ለአራት አራት አንድ ወረቀት ሰጥቼ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ፦ ይህን ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ቤታችሁ ያለ ሰው ቢያነበው ምን ጎደለ ይላል? ሦስተኛውን ቤታቸው ወስደው እንዲጠይቁ አደረግሁ።

ሰኞ ሲመለሱ ክፍሉ ሌላ ክፍል ነበር። አንዷ ተማሪዬ፣ ከዚህ በፊት እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ፣ ተነሳችና «አያቴ የሸክላው ስም የለም አለች» አለችኝ። አያቷ ቡሪሳሜ የሚቀርበው በሻፌታ መሆኑን ሳይጽፉ ምግቡን ብቻ መጻፋቸው አልተዋጠላቸውም። ልጅቷ ሻፌታውን በእርሳስ ሥላ፣ ከሥሩ ልክ እንደ ሙዚየም መዝገብ ሞልታ ነው የመጣችው፦ ስም፣ ከምን እንደተሠራ፣ ከየት እንደተገዛ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ። «ዕድሜ» የሚለው ቦታ ላይ «አያቴ ስታገባ ነበረ» ብላለች።

አሁን ሁሉም ከቤቱ አንድ ዕቃ እየመዘገበ ነው። ካርዶቹን በካርቶን ሳጥን ይዣቸዋለሁ፣ 41 ደርሰዋል። ጋሼ፣ የሚመችዎ ቀን ቢኖር ትምህርት ቤታችን ብቅ ብለው መዝገቡ በምን ቅደም ተከተል ቢቀመጥ እንደሚሻል ለልጆቹ ቢያሳዩልኝ ደስ ይለኛል። አያትየዋም ሻፌታውን ይዘው እንዲመጡ ለምነን እሺ ብለዋል።