ጳጉሜ ላይ 30 ሊሞላኝ ነው፤ ዕቅድ ከየት ይጀመራል?

የጳጉሜዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ጳጉሜ 3 ቀን 30 ዓመት ይሞላኛል። ያለፈውን ዓመት ገምግሜ ለሚቀጥለው ማቀድ እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር? ስንት ግብስ ይበቃል?

መዝገብ፦ እንኳን ተወለድሽ እህቴ! ግምገማው ይቅደም። ሁለት ሰዓት መድቢና የባንክ ሂሳብ መግለጫሽንና የስልክሽን ፎቶዎች ከመስከረም ጀምረሽ ወር በወር እያየሽ ሂጂ፤ በትውስታ ብቻ ከሠራሽው የቅርቡ ሁለት ሦስት ወር ሌላውን ይሸፍነዋል። ለየወሩ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ጻፊ። «ሰነፍኩ» ብለሽ አትለፊው። ያነሰው ጊዜ ነው ወይስ ገንዘብ? ወይስ ግቡ ከመጀመሪያውም የሌላ ሰው ምኞት ነበር? ትልቁ ሥራ ይሄ ነው።

ቆጣቢው፦ ከሦስት ግብ አትለፊ። «እቆጥባለሁ» አይበቃም፤ «60,000 ብር» በይ፣ በወር 5,000 ይመጣል። ደመወዝ በገባ ዕለት ቀድመሽ ቀንሺው፤ ወር መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ነገር የለም። እቁብም ጥሩ ነው፣ ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ቀኑ ለተቆረጠ ክፍያ አትመኪበት።

ዘጠና ቀን፦ ጳጉሜ ለግምገማ ትሁን፣ ዕቅዱ መስከረም 1 ይጀምር። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ በየ90 ቀኑ መፈተሽ ቀላል ነው፦ ኅዳር 30፣ የካቲት 30፣ ግንቦት 30፣ ነሐሴ 30። በሁለት ፍተሻ በተከታታይ ያልተነካ ግብ ካለ አሳንሺው ወይም ሰርዢው። የሩጫ ግብ ካለሽ ደግሞ ለክረምቱ ቤት ውስጥ የሚሠራ እንቅስቃሴ ከአሁኑ ምረጪ፤ ብዙው የሚቋረጠው ሐምሌ ላይ ነው።